ሲመልሱልሽ አጥብቀሽ ስሚ

ውድ እህቴ እታለም ፈለቀች፣

ሰላምታዬ ከአቃቂ ተነስቶ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሳይደክም ድሬዳዋ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ሙቀቱ ሲበረታ የሚያብጠው እግርሽ ተሻለሽ ወይ? አባባስ እንደምን ናቸው? እንቅልፋቸው ተመለሰ ወይስ አሁንም ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ? የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሳይነታረኩሽ ይውጣሉ? ባለቤትሽ ጋሼ አሻግሬስ ወገቡን ተሻለው? ሮዳስስ በትምህርቷ በርትታለች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ቤቱም ደህና ነው። ልቤ ግን ከሰኞ ወዲህ በቦታው የለም፤ ይህን ስጽፍልሽም ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

አደራሽን ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። የሚያመጣልሽ ለሜሳ ነው፤ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖረው፣ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሹፌር። ቤት ሳይሆን ሱቅሽ ድረስ እንዲያደርስልሽ፣ ጥቁር ልብስም ለብሶ እንዳይመጣ አስጠንቅቄዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አባባ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ሁሉንም ካልሰሙ ስለማይሆንላቸው ነው። በቴሌግራም ያልጻፍኩልሽም ሮዳስ የመጣውን ሁሉ ለአያቷ ጮክ ብላ ስለምታነብ ነው።

ጋሽ ሰቦቃ አረፉ፣ እታለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ሽቦ ሁለት ጫፍ ተቀምጠው፣ እሳቸው ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ፣ አባባ ከዱከም ጣቢያ ሲነጋገሩ የኖሩት ጋሽ ሰቦቃ። ሰኞ ማለዳ ባለቤታቸው እማማ ዳሲቱ ውሃ ሊያጠጧቸው ቀና ሲያደርጓቸው እጃቸው ላይ ሄዱ። ማክሰኞ አልቅሰን ቀበርናቸው። መርዶውን ለአባባ የምታደርሺው አንቺ ነሽ፤ እንዴት እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን ከለቅሶው ድንኳን ጋር ተጠላልፎ እንጀራዬን ሊያሳጣኝ የደረሰውን፣ እስከ አሁኗ ደቂቃም ያልለየለትን ነገር ልንገርሽ። ሁለቱን ለያይቼ ልነግርሽ ብሞክር አልሆነልኝም።

የክር ፋብሪካው ሲቀንሰን እንዴት ሆኜ እንደነበር ታውቂያለሽ። ፋይበር የሚዘረጋው ድርጅት ስገባ መጀመሪያ ከጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ባለሙያዎቹ ቆርጠው የሚጥሉትን ቁርጥራጭ እየለቀምኩ፣ ከካርቶን ውስጥ የተቀደደ የመመሪያ ወረቀት እያወጣሁ፣ የቀረውን በዓይኔ እየሰረቅሁ ፋይበሩን መቀጠል ተማርኩ። ከጸጉር የቀጠነ፣ ኢንተርኔት የሚሄድበት የመስታወት ክር ነው። ሁለቱን ጫፎች ጠርገሽ ቀጥ አድርገሽ ከቆረጥሻቸው በኋላ አንድ ትንሽ መሣሪያ በእሳት ብልጭታ አንድ ያደርጋቸዋል። ስፕላይስ ይሉታል። የተበጠሰ ክር ሲቋጥር የኖረ ጣቴ እዚህም አላሳፈረኝም። ዘንድሮ ከቂሊንጦ ተነስቶ በሰፈራችን አልፎ ሳሪስ የሚደርሰውን መስመር ሙሉውን እኔ ቀጠልኩ። ሌላ ሰው ያልገባበት የመጀመሪያ መስመሬ ነው። አለቃችን ወንድዬ ‘ፈተናውን ካለፈ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ በአንቺ ቅጥያ ከወደቀ ግን ውልሽ በዚሁ ያበቃል’ ብሎኝ ነበር። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደንበኛው መስመሩን አርብ ጠዋት ካልተረከበ ሥራውን ለሌላ ድርጅት እንደሚሰጥ ነግሮታል።

ፈተናው ምን መሰለሽ። በዚያ የመስታወት ክር ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን ነው። በርቶ ጠፍቶ፣ በርቶ ጠፍቶ ወሬ ያደርሳል። መብራቱ አንድ፣ መጥፋቱ ዜሮ ነው፤ እያንዳንዷም ቢት ትባላለች። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ቁጥር ስፍር የሌለው ቢት ያልፋል። መሞከሪያው መሣሪያ ቂሊንጦ ተቀምጦ፣ እሱ ራሱ ብቻ የሚያውቀውን፣ ለሌላው ትርጉም የሌለውን ረጅም ቃል ይልካል። ሳሪስ ላይ የመሄጃውንና የመመለሻውን ክር አገናኝተን ስለዘጋነው የተላከው ሁሉ ዞሮ ወደ ላኪው ይመጣል። መሣሪያውም የላከውን ከተመለሰለት ጋር ያስተያያል፤ አንድ ብሎ የላከው ዜሮ ሆኖ ከመጣ፣ ስህተት ብሎ ይቆጥራል። መሐንዲሳችን ሊዲያ ይህን ስታስረዳኝ ሳቅሁ። ምን ያስቅሻል ብትለኝ ‘ይህማ የአባቴ ሥራ ነው’ አልኳት። ትዝ ይልሻል አይደል? አባባ ከዱከም ‘ባቡር ላሰናብት ነው’ ካሉ ጋሽ ሰቦቃ ከአቃቂ ያንኑ ቃል በቃል ሳይመልሱላቸው ባቡሩ አይነቃነቅም ነበር። ሐዲዱ አንድ ነው፤ አንዲት ቃል ከተዛባች ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ይገናኛል። እኛንስ ቢሆን ሽንኩርት ግዙ ብለው ሲልኩን ‘እስቲ መልሺልኝ’ ሳይሉ መች ያሰናብቱን ነበር? ባለሱቁ እንኳ አውቆን ‘መልሺልኝ’ እያለ ይቀልድብን ነበር።

ውሉ እንደሚለው መስመሩ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይሞከራል፤ አንድም ስህተት መታየት የለበትም። ከታየ እንደ አዲስ ይጀመራል። ወንድዬ ግማሽ ቀን አይበቃም ወይ ብሎ ሲከራከር ሊዲያ ‘ከአንድ ኩንታል ጤፍ እፍኝ አንስተህ ጠጠር ስላጣህበት ኩንታሉ ንጹህ ነው ትላለህ?’ አለችው። እሱም ‘እኔ መሐንዲስ ቀጠርኩ እንጂ ባልትና ቤት መች ከፈትኩ’ አላት።

ሙከራው የተጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ጋሽ ሰቦቃ ባረፉበት ጠዋት። እኔ አስፈቅጄ ወደ ለቅሶው ሮጥኩ። ብዙም ሳይቆይ የእድራችን ድንኳን መጣ። ድንኳን የሚተክለው ጉዲሳ ነው፤ ጡንቻማው፣ ሲስቅ ሰፈሩን የሚያናጋው። አምና በሌላ ለቅሶ ላይ ገመዱ የመብራት ሽቦ ነክቶበት እጁ ተቃጥሏል፤ ከዚያ ወዲህ ሽቦ እንደ እባብ ይፈራል። መንገዳችን ሊሰፋ ተቆፍሮ ስለተተወ በአንዱ ጥግ በኩል ካስማ የሚይዝ መሬት አጣ። የእኛም ኬብል በዚሁ ቁፋሮ ምክንያት ለጊዜው ከመሬት ወጥቶ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። ጉዲሳ ገመዱን በክንዱ ጠቅልሎ ወደተቀመጥኩበት መጣና ‘አንቺ የሽቦ እመቤት፣ ከእነዚህ ውስጥ የማይገድለው የቱ ነው?’ አለኝ። እኔ እማማ ዳሲቱን በሁለት እጄ ደግፌ ነበር። ዓይኔን በቅጡ ሳላነሳ ‘ታችኛው ጥቁሩ መብራት የለበትም’ አልኩት። ያልኩት እውነት ነው፤ ፋይበር አይነዝርም። ከዚያ ምን እንዳደረገ አላየሁም፤ አልጠየቅሁትምም።

ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ደወለች። ጠዋቱን ሙሉ ዜሮ ላይ የቆመው የስህተት ቆጣሪ በአንድ ትንፋሽ ሺዎች ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ እንደገና። ሌሊቱን ሰላም አደረ። ማክሰኞ እንደ አዲስ ጀመሩት፤ ከቀብር ተመልሰን እጃችንን ሳንታጠብ ያው የስህተት ጎርፍ መጣ። ርቀት በሚለካው ሌላ መሣሪያ ሲታይ ብርሃኑ የሚደበዝዘው እኛ ሰፈር ነው፤ ያውም እኔ የቀጠልኩት ክር ያለበት ሳጥን አጠገብ።

እታለም፣ ያን ስሰማ ፋብሪካው ትዝ አለኝ። ፋብሪካ ሳለን ክር ተበጥሶ ከተገኘ የምትጠየቀው መጨረሻ የቋጠረችው ናት። ሌላ ምክንያት የሚፈልግ አልነበረም፤ እኛም አንከራከርም፤ አንገታችንን ደፍተን እንቀጣለን። ያ ልማድ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ሊዲያ ግን ልጅ ብትሆንም ሥራዋን ታውቃለች። ‘የአንቺ ቅጥያ ቢሆን ኖሮ እንደማይዘጋ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ይሄ በአንድ ጊዜ መጥቶ በአንድ ጊዜ የሚሄድ ነው። አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ’ አለችኝ። ልክ ነበረች። እኔ ግን ቃሏ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ፈርጄ ጨርሻለሁና ‘ቆርጬ እንደ አዲስ ልቀጥለው’ አልኳት። ወንድዬም ‘ቁረጪው፤ ጊዜ የለንም’ አለ። ቆርጬ ቀጥዬው ስህተቱ ካልቆመ ግን ሌላ ነገር ለመሞከር ቀን እንደማይተርፈን ሦስታችንም እናውቃለን።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ወንድዬ በፒክአፑ መሰላል ጭኖ መጣ። አስቢው፣ የለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ መሰላል። ሳጥኑ ያለበት ምሰሶ ከድንኳኑ ጥግ ነው የቆመው። ሐዘንተኛው ይገባል ይወጣል፤ ሰው ተደርድሮ ተቀምጧል፤ እኔ ጥቁሬን እንደለበስኩ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወጣሁ። ከታች አንዷ ‘ምነው ዛሬስ፣ ምን አይታ ነው?’ ስትል፣ ሌላዋ ‘ሰውየውን እስከ ላይ ልትሸኛቸው ይሆናላ’ ስትላት ሰማሁ። ወንድዬ መሰላሉን ይዟል። ሊዲያ ቂሊንጦ መሣሪያው ፊት ተቀምጣለች፤ ስልኬን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄያለሁ። ሳጥኑን ከፍቼ መቁረጫዬን አወጣሁ።

መቁረጫውን ወደ ክሩ ሳስጠጋ ሊዲያ ‘ቆዪ፣ ስህተቱ አሁን መጣ’ አለች። ነክቼው መስሎኝ እጄን ሰበሰብኩ። ‘ቆመ’ አለች። እንደገና ሳስጠጋ ‘መጣ’ አለች። ‘አልነካሁትም’ አልኳት። ‘እንግዲያው ምንም እንዳትነኪ። መቁረጫውን ኪስሽ ክተቺና ዙሪያሽን እዪ፤ ስናገር የምታዪውን ንገሪኝ’ አለችኝ። ከወንዙ በኩል ነፋስ መጣ። ድንኳኑ ሆዱን ነፋ። ‘መጣ’ አለች ሊዲያ። ነፋሱ አለፈ፤ ድንኳኑ ረገበ። ‘ቆመ’ አለች። ከድንኳኑ ጥግ የተነሳውን ገመድ በዓይኔ ተከተልኩት። ከሳጥኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ጥቁሩ ኬብል ላይ ተጠምጥሞ፣ ባማረ ቋጠሮ ታስሯል። ድንኳኑ በተነፋ ቁጥር ገመዱ ኬብሉን እንደ ክርን ያጥፈዋል፤ ክሩ ከልኩ በላይ ከታጠፈ ደግሞ ብርሃኑ መንገዱን ስቶ ይፈስሳል፤ የቀረችው ጭላንጭል ላይ ደግሞ መሣሪያው አንዱን ከዜሮው መለየት ያቅተዋል። ገመዱን በእጄ ጠምጥሜ ወደ እኔ ሳብኩ፣ ኬብሉም ቀና አለ። ነፋሱ ተመልሶ መጣ፤ ክንዴን ሊገነጥለው ደረሰ፤ ሊዲያ ዝም አለች። ‘መጣ ወይ?’ አልኳት። ‘አልመጣም’ አለች።

የጉዲሳ ጥያቄና የእኔ መልስ ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ስወርድ ወንድዬ ገመዱን አይቶ ‘ይሄን እዚህ ያሰረው ማነው?’ ብሎ ጮኸ። ሐዘንተኛው ሁሉ ዞረ። ጉዲሳ ‘እኔ ነኝ፤ ምን ሆነ?’ ብሎ ተነሳ። ዝም ብል ነገሩ በሁለቱ መሃል ያልቅ ነበር፤ ጉዲሳም ለቅሶ ላይ የእኔን ስም የሚያነሳ ሰው አይደለም። እኔም መናገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ አባባ ‘አስካለ የምታወራው ለራሷ ነው’ ይሉኝ የለም? ግን ሰውየው በእኔ ቃል ሊወቀስ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ‘እኔን ጠይቆኝ ነው። የማይገድለው የቱ ነው አለኝ፤ ጥቁሩ ነው አልኩት። እሰርበት አላልኩትም፣ አትሰርበትም አላልኩትም’ አልኩ። ወንድዬ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከስድብ ይልቅ ያቺ አስተያየት ፈጀችኝ። ጉዲሳ ግን ‘እኔማ የሽቦ እመቤቷ ከፈቀደች ብዬ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት’ አለ።

ወንድዬ ‘በል አሁኑኑ ፍታው’ አለው። ጉዲሳም ‘ባለቤቱ ትናንት ከወጣበት ቤት ድንኳን አይፈታም። ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ ጥጉ ሐዘንተኛ ራስ ላይ ቢወርድ ሰፈሩ ምን ይለኛል? ከደፈርክ አንተው ፍታና ከእድሩ ጋር ተነጋገር’ አለው። ሌሎች ወንዶችም ተነሱ። እኔ በመሃላቸው ቆሜ በአንድ በኩል ሥራዬ፣ በሌላ በኩል አብሬ የኖርኩት ሰው፤ ሁለቱም በአንዲት ገመድ ታስረው ሲጎተቱ አየሁ። ነፋሱ ደግሞ አይሰማ፣ ይመጣል ይሄዳል።

እማማ ዳሲቱ ከተቀመጡበት ሆነው ‘ልጄ፣ ገመዱ ምን አደረገ?’ ብለው ጠየቁኝ። ‘እማማ፣ በዚያ ሽቦ የሚሄደውን ቃል እያሳሳተው ነው’ አልኳቸው። ቀና ብለው ገመዱን አዩት። ከዚያ ‘ሰቦቃ ዕድሜውን መስመር ሲጠብቅ ኖሮ በስተመጨረሻ ድንኳኑ መስመር አበላሸ አይባልም። ድንኳኑም አይወርድም’ አሉ። ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መልሰው ‘ያ መኪና የማነው?’ አሉ። ወንድዬ የእኔ ነው አላቸው። ‘በእሱ እሰሩት’ አሉ። ወንድዬ ‘እማማ፣ በመኪናው ሥራ አለብኝ’ ቢላቸው ‘እኔም ለቅሶ አለብኝ፤ ተቀመጥ’ አሉት። ወንዶቹ የድንኳኑን ጥግ በእጃቸው ቀጥ አድርገው ያዙ። ጉዲሳ ቋጠሮውን ፈታ፣ ፒክአፑን አስጠግተው ገመዱን ከኋላው መንጠቆ ላይ አሰሩት፣ ጎማውም ሥር ድንጋይ ከተቱበት። ኬብሉ ተንቀዋለለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ሊዲያ ሙከራውን ከዜሮ አስጀመረች። እኩለ ቀን ነበር።

ስለዚህ ወንድዬ ለቅሶ ደራሽ ሆኖ ዋለ። ጾም ገብቷልና ሽሮውን በላ፣ ንፍሮውንም ዘገነ፤ ሽማግሌዎቹም ‘ካስማው’ የሚል ስም አወጡለት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ድንኳኑ ሲነፋ መኪናው ሲጥ ይላል፤ ያን ጊዜ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ገመዱን ትቶ እኔን ያያል፤ እኔ ስልኩን አያለሁ። ስልኩ ዝም። ‘ካልደወልኩልሽ ደህና ነው ማለት ነው’ ብላኛለች ሊዲያ። ግን ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አንድ ሌላ ፍርሃትም አለብኝ፤ ያ ክር ያን ያህል ቀን ሲታጠፍ ሲቃና ውስጡ ተሰንጥቆ እንደሆነስ? መስታወት ነውና ለዓይን አይታይም። የሚናገረው ቆጣሪው ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከበቂ ጊዜ በኋላ።

ይህን የምጽፍልሽ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ በእማማ ዳሲቱ ጓዳ ተቀምጬ ነው። ቆጣሪው ከትናንት ጀምሮ ዜሮ ላይ ነው። ቀንና ሌሊቱ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ለሜሳ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ወንድዬ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ ደጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከትናንት ወዲህ ስለዚያች ንግግሬ አላነሳብኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ብዕሬን እያነሳሁ አስቀምጣለሁ።

ስልኩ ጠራ፣ እታለም። ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሊዲያ ‘ሞላ። ዜሮ’ አለችኝ። ‘እስቲ መልሺልኝ’ አልኳት። ‘ዜሮ፤ አንድም የለም’ አለች። ወጥቼ ለወንድዬ ስነግረው ለእሱም ደውላለት ነበር። ከመኪናው ወርዶ ‘መስመሩ አልፏል፤ ሰኞ ቢሮ መጥተሽ የቋሚውን ውል ትፈርሚያለሽ’ አለኝ። ሂጂ ያለኝ መስሎኝ ዞር ስል ጠራኝ። ‘ከእንግዲህ ግን ሰው ስለ ሽቦ ከጠየቀሽ እስከ መጨረሻው ተናገሪ። ግማሹን ለራስሽ አታስቀሪ’ አለኝ። እውነቱን ነው። አንገቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ መኪናውን ልውሰድ ብሎ ጉዲሳን ቢጠይቀው ‘ድንኳኑ አመሻሽ ላይ ይወርዳል፤ እስከዚያ ካስማ አይነቀልም’ አለው።

ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ጉዲሳን ያን ዕለት ‘እስቲ መልስልኝ’ ብለው ኖሮ ‘ታችኛው ላይ ልሰር’ ይለኝ ነበር፤ እኔም ያኔውኑ እሰማው ነበር። መስመሩን በመሣሪያ ስፈትን፣ በገዛ አፌ የወጣውን ቃል ማንም እንዲመልስልኝ አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ አንቺ ሥራ ልምጣ። ጋሽ ሰቦቃ ከማረፋቸው በፊት ባለው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ስለ መሣሪያው፣ የላከውን ተቀብሎ እንደሚያስተያይ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ‘ፈረንጅ ዞሮ ዞሮ ወደ አባትሽ ወደ ተሰማና ወደ እኔ መጣ’ አሉ። ከዚያ እጄን ያዙና ‘እንግዲህ አንድ መልእክት አለኝ፤ ለአባትሽ አድርሺ። በእኔ በኩል መስመሩ ነጻ ነው፤ አንተ ግን አትቸኩል በይው’ አሉኝ። አስከትለውም ‘መልሺልኝ’ አሉ። ‘በእኔ በኩል መስመሩ ነጻ ነው’ ብዬ እንባዬን ልጠርግ አቆምኩ። ተቆጡኝ። ‘ግማሽ መልእክት ከስህተት ይከፋል። ይቺን ግማሽ ብቻ ሰምቶ ተነስቶ እንዳይመጣብኝ’ አሉ። ሙሉውን እስክመልስላቸው ድረስ እጄን አልለቀቁኝም።

እና እንዲህ አድርጊ። በማለዳ፣ ኪኒናቸውን ከዋጡ በኋላ፣ ጋሼ አሻግሬ ሽማግሌዎቹን ይጥራ፤ ጎረቤትሽ ሰኪናም ትኑር፣ አባባ እሷን ይሰማሉ። መርዶውን ሽማግሌዎቹ ይንገሯቸው፤ እስኪወጣላቸው ያልቅሱ፣ አትከልክሏቸው። ትንሽ ሲበርድላቸው አጠገባቸው ተቀመጪና የጋሽ ሰቦቃን ቃል ከነሙሉው ንገሪያቸው። ከዚያ ‘እስቲ ይመልሱልኝ’ በያቸው። ልማዳቸው ነውና እንቢ አይሉም። ማልቀሳቸው አያስፈራኝም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ‘እኔስ ማንን እጠብቃለሁ’ ማለት ማብዛታቸውን ግን አንቺም ሰምተሻል፤ የምፈራው የመጀመሪያዋን ግማሽ ይዘው ሁለተኛዋን እንዳይጥሏት ነው። ከጣሏት እንደገና ንገሪያቸው፤ እስኪመልሷት ድረስ እጃቸውን አትልቀቂ።

ለጋሼ አሻግሬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን እግዜር ይማርልኝ። ሮዳስን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ለአያቷ ማንበቧን አታቋርጥ፣ ይህቺን ወረቀት ብቻ አታሳያት። ሰኪናን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። ከዚህ እማማ ዳሲቱ ‘ጎረቤቴ ፈለቀች’ እያሉ ሰላም ይሉሻል፤ ጉዲሳም ሰላም ብሎሻል። ለአባባ ሰላምታዬን አስቀድመሽ አትስጪያቸው፤ ከመርዶው በኋላ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ከዚያ ደውይልኝ፣ ግን አንቺ አትንገሪኝ፤ ስልኩን ለእሳቸው ስጫቸውና የሰሙትን እሳቸው ይመልሱልኝ። እኔ ከዚህ ሆኜ ከላክሁት ጋር አስተያየዋለሁ። ሌላው ቢዛባ ግድ የለም፤ ‘አትቸኩል’ የምትለዋ ብቻ ሳትጎድል ትምጣልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ
አስካለ ተሰማ

አቃቂ ቃሊቲ
ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.